ቁጥሩን ስትጽፉ ሥራውንም ጻፉልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ሰሞኑን ስለ አንድ የሕክምና ተመራማሪ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ደብረ ሲና ሆኜ አነበብኩት። ደስ ብሎኛል፣ የአገር ልጅ ሲመሰገን ማን ይጠላል። ግን ገጹን የሞላው ስንት ጥናት እንዳሳተመና ሌሎች ተመራማሪዎች በጽሑፎቻቸው ስንት ጊዜ እንደጠቀሱት ብቻ ነው። የትኛውን በሽታ ነው ያጠናው? ምን አገኘ? አንድ መስመር እንኳ የለም። እኔ ነርስ ነኝ፤ ለጥናት መረጃም ሰብስቤ አውቃለሁ። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ኤች ኢንዴክሱ ይሄን ያህል ነው ብላችሁ አለፋችሁ። አንባቢ ምን ይረዳ? ነገሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉት ኤች ኢንዴክሱ 10 ነው። አንዷ ጽሑፍ ብቻ 1,000 ጊዜ ተጠቅሳ ሌሎቹን ማንም ካልጠቀሳቸው ቁጥሩ 1 ላይ ይቀራል። ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የፊዚክስ ሰው ነው። ታካሚ ምን ተጠቀመ የሚለውን አይቆጥርም።

ሌላም አለ። የዓለምን የበሽታ ጫና የሚገምቱ ትልልቅ ጥናቶች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጸሐፊዎች ይሰለፋሉ፣ የኛም ሰዎች በብዛት አሉበት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከየአገሩ ይጠቀሳል፣ የመጠቀሱ ቁጥርም (ሳይቴሽኑ) ሌሊት ከቀን ለሠራውም ረቂቁን አንብቦ አስተያየት ለሰጠውም እኩል ይቆጠራል። ነውር ነው አላልኩም። ግን ከእ.ኤ.አ. 1962 ጀምሮ በሚታተመው የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ላይ የወጣች፣ ለኛ ጤና ጣቢያ የምትሆን ጽሑፍ ውጭ አገር ያለ ሰው ላይጠቅሳት ይችላል፣ እና ጸሐፊዋ ከዚያኛው ያነሰች ናት ማለት ነው?

የስማችንም ጣጣ አለ። የፈረንጅ የጥናት መዝገብ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል። ስለዚህ የአንድ ሰው አንዱ ጽሑፍ በአባቱ ስም ሌላው በአያቱ ስም ይገባል፣ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ፀሐይ አንዴ በቲ አንዴ በኤስ ይጀምራል። በቃ፣ አንዱ ሰው ሦስት ሆነ። ስማቸው የተመሳሰለ ሦስት ሰዎችም አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ኦርኪድ የሚባለው ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጣው ይሄን ለማጥራት ነው። እና ያ ያተማችሁት ቁጥር የሰውየው ብቻ መሆኑን አጣርታችኋል?

የዛሬ ጥቂት ዓመት ከጣርማበር ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ቤት ለቤት መጠይቅ አስሞላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ አያስኬድም። አንዲት እናት ቤት ደረስኩ። ጥጥ ይፈትሉ ነበር፣ እንዝርታቸውን አስቀምጠው ዱካ አቀረቡልኝ። ስለ ውሃው፣ ስለ መጸዳጃ ቤቱ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው ተቅማጥ አንድ ሰዓት ያህል ጠየቅኳቸው። ከምንጩ የሚቀዱበትን ጀሪካን አውጥተው አሳዩኝ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆኗል። ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝና፣ «ልጄ፣ ታዲያ መልሱን መቼ ታመጣልናለህ?» አሉኝ። በቅርቡ አልኳቸው።

ጥናቱ በእንግሊዝኛ ታተመ። ጎግል ስኮላር በሚባለው የጥናት መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ገብቼ አየሁት፣ ከስንት አገር ጠቅሰውታል። ወደዚያ ቀበሌ ግን አንድ ገጽ አልተመለሰም። እኔም ውሸታም ሆንኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሳይንቲስቱን አክሊሉ ለማን አስቡ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ፣ ከዚያ ተነስቶ ቢልሃርዚያ የተባለውን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ማጥፋት እንደሚቻል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። እናቴም ነጠላዋን በእንዶድ ነበር የምታጥበው። አክሊሉን ሳስብ የሚመጡብኝ ወንዙና አጣቢዎቹ ናቸው፤ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ጠይቄም አላውቅ።

እና እባካችሁ፣ በሚቀጥለው ስለ ተመራማሪ ስትጽፉ ደውላችሁ ጠይቁት። ጥናቱ የት ተሠራ? እዚያ ያሉት ሰዎች ውጤቱን ሰምተዋል? መልሱን ከቁጥሩ ጎን አትሙት። ተመራማሪዎቻችንም ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፈው ይላኩልን። ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ እኔው ራሴ እለጥፈዋለሁ። እኚያ እናት ማንበብ ባይችሉም የልጅ ልጃቸው አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች፣ ታነብላቸዋለች።

አክባሪያችሁ፣
አንድ ነርስ፣ ከደብረ ሲና፣ ሰሜን ሸዋ