ባርቤዶስ በራሷ ላይ ያገባችው ጎል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ካሪቢያን ኳስ ስትጽፉ ባርቤዶስን ለምን ዘለላችኋት? እርግጥ ዓለም ዋንጫ ገብታ አታውቅም። ግን በ1994 እ.ኤ.አ. በካሪቢያን ዋንጫ ማጣሪያ ከግሬናዳ ጋር ያደረገችው ጨዋታ ብቻውን ይበቃል።

ለማለፍ በሁለት ጎል ልዩነት ማሸነፍ ነበረባት። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል 2 ለ 1 እየመራች ነው። እኩል ሲወጡ በሚሰጠው ጭማሪ ሰዓት የሚገባ ወርቃማ ጎል፣ ማለትም ጨዋታውን ወዲያው የሚጨርስ ጎል፣ ደግሞ እንደ ሁለት ይቆጠር ነበር (ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ምን ነክቶት ይሆን?)። ስለዚህ ባርቤዶሶች ጭማሪ ሰዓት ለማግኘት ሆን ብለው በራሳቸው መረብ አገቡ፤ 2 ለ 2። ግሬናዳዎች ነቁ። በአንድ ጎል ልዩነት ቢሸነፉም ስለሚበቃቸው፣ በየትኛውም በር፣ በራሳቸውም ጭምር፣ ቢያገቡ ያልፋሉ! ባርቤዶሶች ሁለቱንም በር ሲጠብቁ ቆዩ። በጭማሪው አገቡና 4 ለ 2 ተብሎ ተመዘገበላቸው።

አክባሪያችሁ፣ የዘወትር አንባቢ