የድጋፍ ጥሪ፦ ቴምብሩን ከፖስታው አትለዩብን

ለሐረር፣ ለድሬዳዋና በባቡሩ መስመር ላይ ለሚገኙ ከተሞች ተወላጆችና ወዳጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ ወገኖች፦

የሐረርንና የድሬዳዋን ፖስታ ቤቶች፣ ከእነሱም ሥር የነበሩትን ቅርንጫፎች ታሪክ በየቤቱ ከተቀመጡ የቆዩ ደብዳቤዎች እየሰበሰብን ነው። እርዳታችሁን የምንጠይቀው በሦስት ነገር ነው፦ ስካን ተደርጎ የሚመለስ ፖስታ በውሰት፣ የሥራ ዕቃ፣ እና ገንዘብ። ከሁሉ የሚቀድመው ፖስታው ነው። ስካነሩ ቢዘገይም ይገዛል፤ በመቀስ የተቆረጠ ቴምብር ግን ወደ ቦታው አይመለስም።

ዳግማዊ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎትን በ1886 ዓ.ም. አቋቋሙ። የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ፓሪስ ታትመው የመጡ ሰባት ዓይነት ናቸው። ከሩብ እስከ 2 ግርሽ ያሉት አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ የ4፣ የ8 እና የ16 ግርሾቹ ደግሞ አንበሳውን ይዘዋል፤ 16 ግርሽ አንድ ብር ነበር። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ የእኛ ቴምብር ብቻውን ደብዳቤን ከጅቡቲ ወዲያ አያሻግርም ነበር። ስለዚህ ከሐረር ወደ አውሮፓ በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ከእኛ ቴምብር ጎን የፈረንሳይ ይዞታ የነበረችው የጅቡቲ ቴምብርም ይለጠፍ ነበር። ፈረንሳዮችም አባልነቱ እስኪጸድቅ ድረስ በሐረር፣ በድሬዳዋና በአዲስ አበባ የራሳቸው ፖስታ ቤቶች ነበሯቸው። እንዲህ ያለ ፖስታ በእጁ የገባ ሰው ሁለቱን ቴምብሮች ቆርጦ በየአልበማቸው ቢያስቀምጥ፣ ደብዳቤው በማን በኩል እንዴት እንደተሻገረ የሚያሳየው ማስረጃ እዚያው ያበቃል።

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲገባ በግመልና በበቅሎ ይጓዝ የነበረው መልእክት መንገዱን ቀየረ፤ ድሬዳዋም የሐረርና የጅቡቲ ደብዳቤ መገናኛ ሆነች። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ይህን ለውጥ ቀን በቀን የሚነግረን የፖስታው ጀርባ ነው። የመነሻው ማኅተም ፊት ለፊት ቴምብሩ ላይ ይመታል፤ የመተላለፊያውና የመድረሻው ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደብዳቤው ስንት ቀን እንደፈጀ ያሳያል። የአንድ ቅርንጫፍ ስም በመጀመሪያና በመጨረሻ የታየባቸው ማኅተሞች ደግሞ ቅርንጫፉ ቢያንስ ከመቼ እስከ መቼ እንደሠራ ይመሰክራሉ። በሪኮማንዴ (በፖስታ ቤቱ ተመዝግቦ ቁጥር ተሰጥቶት) የተላከ ከሆነ ቁጥሩ የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ላይም የፖስታ ቤቱ ስም ይገኛል። በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ማኅተሙም ቴምብሩም የጣሊያን ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት የጦርነት ዓመታት ፖስታዎች ላይ የሳንሱር ምልክት ሊኖር ይችላል፤ የተቀደደ ወይም እንደገና የታሸገ መስሏችሁ እንዳትጥሉት። የነጋዴ ቤቶች ፖስታም ይጠቅመናል፤ ማዕዘኑ ላይ የታተመው የፖስታ ሣጥን ቁጥር ማን በየትኛው ፖስታ ቤት ይገለገል እንደነበር ይነግረናል።

የተለመዱት ጥፋቶች የሚከተሉት ናቸው። ቴምብሩን ለማላቀቅ ውኃ ውስጥ የተነከረ ፖስታ የማኅተሙ ቀለም ሊሟሟ ይችላል። ፕላስተር የተለጠፈበት ወረቀት ሙጫው ወደ ውስጥ ሰርጎ ቢጫ ያደርገዋል፤ የተለጠፈውን ግን አትላጡት፣ ወረቀቱን ይዞ ይነሳል። ስፒልና የስቴፕለር ሽቦ ይዝጋል፣ ዝገቱም ወረቀቱን ይበላል። ለስላሳና ሽታ ያለው ፕላስቲክ በድሬዳዋ ሙቀት ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። ላሚኔት ማድረግ ከሁሉ የከፋ ነው፤ መመለሻ የለውም። ፀረ ተባይም በቀጥታ አትርጩበት። ሣጥኑን ከመሬትና ከግድግዳ አርቆ፣ ምስጥ በማይደርስበት ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ ይበቃል። ደብዳቤው ፖስታው ውስጥ ካለ አብሮ ይቆይ፤ በውስጡ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር፣ ማኅተሙ ላይ ያለው በፈረንጅ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ማስተያየት ያስፈልጋል። የሰባትና የስምንት ዓመቱ ልዩነት ተዘንግቶ የቅርንጫፍ መከፈቻ ዓመት የሚሳሳተው በዚህ ምክንያት ነው።

እያንዳንዱ ፖስታ ፊትና ጀርባው በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) በቀለም ይነሳል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የደበዘዘ ማኅተም ፊደሉ አይለይም። 11 በ22 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፖስታ ሳይጨመቅ ሲቀመጥ በአንድ ገጽ 40 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ሁለቱ ገጽ 80። ስለዚህ 5,000 ፖስታ 400 ጊጋባይት ይሆናል። የሚያስፈልጉን ሁለት ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስኮች ናቸው፤ አንዱ ድሬዳዋ፣ ሌላው በሌላ ከተማ ይቀመጣል፤ አንድ ቦታ ያለ ብቸኛ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል። ከዚህ በተጨማሪ አንድ ጠፍጣፋ ስካነር (ወረቀቱን በሮለር የሚስበው ዓይነት አሮጌ ፖስታ ስለሚቀድ አይሆንም)፣ መብራት በሥራ መካከል ሲጠፋ ፋይሉ እንዳይበላሽ ዩፒኤስ (ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ)፣ አሲድ የሌለባቸው ካርቶኖች፣ የፖሊስተር ማቀፊያዎች እና ለስላሳ እርሳሶች እንፈልጋለን። ማቀፊያዎቹን እዚህ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ለክረምት ከውጭ የምትመጡ ሰዎች በሻንጣችሁ ብትይዙልን ትልቅ ነገር ነው፤ ቀላልም ናቸው። ገንዘብ የምታዋጡ ለየትኛው ዕቃ እንዲውል እንደምትፈልጉ ጻፉልን። መጀመሪያ የሚገዛው ስካነሩ ነው፤ ዕቃ በተገዛ ቁጥር ደረሰኙ ለሁሉም አዋጪ ይታያል።

ፖስታ የሚያውሰን ሰው ዝርዝሩን በሁለት ቅጂ ፈርመን እንሰጠዋለን፤ አንዱ ከእሱ ጋር ይቀራል። ሥራው እንዳለቀ ፖስታው ለባለቤቱ ይመለሳል። የደብዳቤው ይዘት የቤተሰብ ጉዳይ ስለሆነ አይነሳም፣ አይነበብምም፤ ከውስጡ የምናየው ቀኑን ብቻ ነው፤ እሱም በባለቤቱ ፈቃድ። የአድራሻው ስም እንዲሸፈን ከተፈለገም በሚታየው ቅጂ ላይ እንሸፍነዋለን።

ፖስታ እንዳላችሁ የማታውቁ ብትሆኑ እንኳ የአባቶችና የእናቶች ሣጥን ውስጥ፣ የድሮ ውልና ደረሰኝ በታሰረበት ፈልጉ። ስታገኙ አታጽዱት፣ ብዕር አታስነኩት። በንጹሕ ደረቅ እጅ ይዛችሁ ፊቱንና ጀርባውን በስልክ አንሱና ላኩልን። ፍላሽ አጥፍታችሁ መስኮት አጠገብ ካነሳችሁት ማኅተሙ ይነበባል።