ክቡር ኃላፊ፣ ያ ሃይላንድ አሁንም መስኮትዎ ላይ ነው?

ለክቡር ኃላፊ፣

የየትኛው ቢሮ ኃላፊ እንደሆኑ አልጽፍም። እርስዎ ያውቁታል። እኔም አራት ጊዜ ደረጃውን ወጥቼ ስለወረድኩ አልስተውም። ባዕድ ነገር ስለተቀላቀለበት የከብት መኖ በቃል ነገርኩ፣ በጽሑፍ አመለከትኩ፣ ናሙና ይዤ መጣሁ። ሁሌም «እናየዋለን» ነው። እንግዲህ ሕዝቡም አብሮ ይየው ብዬ እዚህ ጻፍኩት።

ጅማ ውስጥ፣ ግቢዬ ውስጥ በሬ አደልባለሁ። ብዙ አይደሉም፣ በአንድ ዙር ሦስት ወይ አራት። በጥር ለፋሲካ ብዬ ሦስት ገዛሁ። የሠራሁት እናንተው ስልጠና ላይ ያላችሁኝን ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ በቀን ከ8 እስከ 9 ኪሎ ደረቅ መኖ ይበላል፣ ገለባ ብቻውን ሆድ ይሞላል እንጂ አያደልብም፣ ስለዚህ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ጨምሩበት፣ ጨውም አትርሱ ተባልን። ጨመርኩ። ደብተር ገዝቼ ያበላሁትን በኪሎ መዘገብኩ። ክብደታቸውን ለመገመት በልብስ ሰፊ ሜትር የደረታቸውን ዙሪያ በየ15 ቀኑ ለካሁ። ሚስቴ «ሱፍ ልታሰፋላቸው ነው?» እያለች ስትስቅብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ወር ጥሩ ነበር። ከዚያ አዲስ ፉርሽካ አምስት ኩንታል አስገባሁ። የደረታቸው ልክ መጨመሩን አቆመ። ዳለቻው በሬ ገንዳው ውስጥ አፍንጫውን ያስገባና ፉር ብሎ ፊቱን ያዞራል። አንድ ጎረቤታችን አባት እፍኝ ዘግነው አሸተቱና «ልጄ፣ ይሄ ለበሬ ነው ወይስ ለጀበና?» አሉኝ። የጅማ ሰው የቡና ነገር አይጠፋውም። የተፈጨ የቡና ገለፈት ተቀላቅሎበታል!

ጆግ ውሃ ቀዳሁ፣ አንድ እፍኝ ጨምሬ አማሰልኩና ተውኩት። ፉርሽካውና ገለፈቱ ላይ ተንሳፈፉ። ታች አሸዋ ተኛ። በጥርሴ ሞከርኩት፣ ይንኮሻኮሻል። በፉርሽካ ዋጋ አሸዋ በኪሎ ገዝቻለሁ።

ትንሽ ነገር እንዳይመስልዎ። ገለባ ፕሮቲኑ 4 በመቶ ቢሆን ነው። የሚበላው ሁሉ ተደምሮ ፕሮቲኑ ከ7 በመቶ በታች ከወረደ በበሬው ትልቁ ጨጓራ ውስጥ ገለባውን የሚያብላሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ራሳቸው ይራባሉ። እነሱ ከተራቡ ገለባው በቅጡ አይፈጭም፣ በሬውም መብላት ይቀንሳል። ክፍተቱን ይሞላል የተባለው ፉርሽካ ነበር። ስለዚህ የተሰረቅኩት ፉርሽካውን ብቻ አይደለም፣ ገለባዬንም ነው፣ ሦስት ወር ልፋቴንም ጭምር። ገለፈቱ ደግሞ ካፌይንና ታኒን አለው፤ በሬዬን ቡና ጠጪ አድርጉልኝ ያልኩት ሰው የለም።

የጆጉን ውሃ በሃይላንድ ገልብጬ፣ ከግማሽ ኪሎ ፉርሽካ ጋር አመጣሁላችሁ። መስኮቱ ላይ አስቀመጣችሁት። በሁለተኛው ጊዜ ስመጣ እዚያው ነበር። በሦስተኛው ከጎኑ አበባ ተቀምጦለታል። በአራተኛው ውስጡ ታጥቦ አበባው ይጠጣበታል። አበባው አምሮበታል፣ አልዋሽም።

እርስዎ ግን ምክር አላጡም። «ሻጭ ቀይር» አሉኝ። ቀየርኩ፣ እሱም የሚያመጣው ከዚያው መጋዘን ሆኖ አገኘሁት። «ገለባውን በዩሪያ አክመው» አሉኝ፣ በማዳበሪያው ማለት ነው። አውቀዋለሁ፦ ለ100 ኪሎ ገለባ 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በጥብጦ፣ አርከፍክፎ፣ በላስቲክ አፍኖ ሦስት ሳምንት ማቆየት ነው። ዩሪያ ልገዛ ብሄድ የተጠየቅኩት «የእርሻ መሬትህ ስንት ሄክታር ነው?» የሚል ነው። መሬቴ የቤቴ ጓሮ ነው። ስልጠናውን ስትሰጡኝ ይህን የጠየቀኝ አልነበረም።

የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004ን ላስተምርዎ አልዳዳም፤ ከእኔ በፊት ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ከተማችን የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አላት፣ ከቢሮዎ በባጃጅ ይደረሳል። አንድ ኪስ ፉርሽካ እዚያ ለምርመራ ለመላክ ስንት ስብሰባ ይፈጃል?

ለፋሲካ ገበያ አወጣኋቸው። አንዱ ሉካንዳ ቤት ያለው ሰው የዳለቻውን ሻኛ ጨብጦ ለቀቀና «ወንድሜ፣ ይሄ ምን ሲበላ ከረመ?» አለኝ። ምን ልበለው? በገዛሁበት ዋጋ ሰጠሁት። የመኖው ወጪ ለአሸዋው ቀረ።

ከዚያ ፉርሽካ አንድ ኩንታል ቤቴ አለ። አላበላሁትም፣ አልጣልኩትምም፣ ከነከረጢቱ ነው። ከረጢቱ ላይ የአምራች ስም የለም፣ የተመረተበት ቀን የለም። ይምጡና ይዩት። ጆጉንም ውሃውንም እኔ አቀርባለሁ። ሃይላንዱን ግን አበባው ጠጥቶ ሲጨርስ ይመልሱልኝ።