ደብዳቤ ለልጄ፦ ቡድኑ ይሻላል፣ ድሉ ግን ያንሳል

ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሚሚዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ፍልሰታ ከተፈታ ወዲህ «ልጄ በሌለችበት ዶሮ አይጥመኝም» ትላለች፤ ትበላለች ግን።

ይህን የምጽፍልሽ በዋሽንግተኑ የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን በኮማንደርስ ላይ ስለያዝሽው ውርርድ ነው። ከፊላደልፊያዋ የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ ጋር «ኮማንደርስ ዘንድሮ 13 ጨዋታ ያሸንፋል፣ ካላሸነፈ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ልብስሽን የማጥበው እኔ ነኝ» ተባብላችኋል አሉ። ወንድምሽ ነው የነገረኝ፤ አትቆጪው። በስልክ ሐሳቤን ልነግርሽ ስጀምር «አባዬ፣ አንተ ሁሌም ጨለምተኛ ነህ» ብለሽ አቋረጥሽኝ። በጽሑፍ ግን ማቋረጥ የለም፤ እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ያልኩሽ ይኼን ነበር፦ ቡድኑ ዘንድሮ ካምናው ይሻላል፣ የሚያሸንፈው ግን ካምናው ያነሰ ነው። አንቺ ሳቅሽ። ሁለቱ አብረው እንደሚሄዱ ላሳይሽ።

ካቻምና፣ በ2023፣ 4 አሸንፈው 13 ተሸነፉ። ጆሽ ሃሪስ ቡድኑን ከዳን ስናይደር ላይ በ6.05 ቢሊዮን ዶላር የገዛበት ዓመት ነው፤ ለዚያ ሁሉ ገንዘብ ያገኘው 4 ድል ነበር። ከዚያ አዳም ፒተርስ ጄኔራል ማናጀር ሆኖ መጣ፣ ዳን ክዊን አሰልጣኝ ሆነ፣ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍትም በሁለተኛ ምርጫ ኳርተርባኩ (ኳሷን እየወረወረ ማጥቃቱን የሚመራው) ጄይደን ዳንኤልስ ተወሰደ። በአንድ ዓመት 12 ለ 5! ከ1991 ወዲህ ይህን ያህል አሸንፈው አያውቁም። አንቺ ያደግሽው ሲሸነፉ እያየሽ ስለሆነ፣ አምና የሆነው ነገር የዕዳ ክፍያ መስሎ ቢሰማሽ አልፈርድብሽም።

ግን እንዴት እንዳሸነፉ ልብ ብለሽ አስቢው። የቺካጎውን እኔ ፓርኪንግ ጋራዡ ሥራ ላይ ሆኜ በሬዲዮ ነው የሰማሁት። ሰዓቱ አልቋል፣ ዳንኤልስ ኳሷን ወደ ሰማይ ለቀቃት፣ የሰው እጅ ነካክቷት ከኋላ ብቻውን ለቆመው ለኖኣ ብራውን ወረደችለት። 52 ያርድ፣ 18 ለ 15። ያውም ከቺካጎ ተከላካዮች አንዱ ያቺ የመጨረሻ ሙከራ ስትጀመር ፊቱን ወደ ደጋፊው አዙሮ ሲሳለቅ ነበር። ጋራዡ ውስጥ መኪናውን ሊያወጣ የመጣ ሰው ትኬቱን እንደያዘ አብሮኝ ጮኸ። ኒው ኦርሊንስ ላይ 20 ለ 19 አሸነፉ፣ ሴይንትስ በመጨረሻዋ ሙከራ ሁለት ነጥብ ሊያስቆጥሩ ሞክረው ስላልቻሉ። ፊላደልፊያን 36 ለ 33 ያሸነፉት 6 ሰከንድ ሲቀር ነው፣ ያውም የነሱ ኳርተርባክ ጄለን ኸርትስ ጭንቅላቱን ተመትቶ ገና በመጀመሪያው ሩብ ወጥቶ ነበር። አትላንታን በጭማሪ ሰዓት። ዳላስን ሰዓቱ ሊያልቅ 3 ሰከንድ ሲቀረው። ከዚያ ታምፓ፣ በፕሌይኦፉ (በጥሎ ማለፉ)፣ 20 እኩል ሆነው ዜን ጎንዛሌዝ የመታት ኳስ የቀኙን ቋሚ መትታ ገባች። ወደ ውጭ ብትነጥር ማን ምን ያደርጋል?

አንቺ ደግሞ በቤታችን አጠገብ ዳላስ ያሸነፈንን ጨዋታ ታነሺብኛለሽ፤ እኩል የምታደርገው አንዲት ቀላል ምት ስለተሳተች የተሸነፍነውን። ፒትስበርግም በ1 ነጥብ ነው ያመለጠን። እውነትሽን ነው፣ ዕድል አልፎ አልፎ ዞራብናለች። ሚዛኑን ስታይው ግን ወደ እኛ ያጋደለ ነው። በአራተኛ ዳውን፣ ማለት ኳሷን ለማስቀጠል ባለችው የመጨረሻ ሙከራ፣ እንኳ ብንሄድ፣ 23 ጊዜ ሞክረው 20 ጊዜ ተሳክቶላቸዋል። 87 በመቶ! ይህን በተከታታይ ሁለት ዓመት የሚደግም ቡድን ካለ ስሙን ጻፊልኝ።

አሁን ወደሚሻለው ነገር ልምጣ፤ ጨለምተኛ እንዳትዪኝ። አምና ዳንኤልስ 47 ጊዜ ኳስ ይዞ ተጥሏል። ፒተርስ ይህን አይቶ ኳርተርባኩን የሚከልሉለት ሁለት ሰዎች ፈለገ፤ ከሂውስተን ላሬሚ ተንሲልን አመጣ፣ በድራፍቱም የመጀመሪያ ምርጫውን በጆሽ ኮነርሊ ላይ አዋለ። ግራና ቀኙ ታደሰለት ማለት ነው። ተንሲል ጨዋታው ሳይጀመር መንቀሳቀስ የሚያበዛ ሰው ነውና ቅጣቱ ያናድድሻል፣ ግን በእሱ በኩል ሰው አያሳልፍም። ኳስ ተቀባዩ ዲቦ ሳሙኤል ከሳን ፍራንሲስኮ በአንድ የአምስተኛ ዙር ምርጫ ብቻ መጣ፤ ይህ ገበያ ነው። የማጥቃቱ አሰልጣኝ ክሊፍ ኪንግስበሪም ሌላ ቦታ ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ሳይሄድ ቀረልን፤ ዳንኤልስ አዲስ ቋንቋ መማር አያስፈልገውም።

ኳስ ተቀባዩ ቴሪ ማክሎሪንም ሰኞ ፈረመ፣ ሦስት ዓመት፣ እስከ 96 ሚሊዮን ዶላር። በጋውን ሙሉ ሬዲዮ ላይ «ስግብግብ» ሲሉት ሰማሁ፣ ደሜ ፈላ። ከ2019 ጀምሮ ኳርተርባክ በተለዋወጠ ቁጥር ሳያጉረመርም ሮጦ፣ አምና ደግሞ 13 ታችዳውን (ጎል እንደማለት ነው) ይዞ፣ ዕድሜው 30 ሊሞላ ሲል የድካሙን ቢጠይቅ ምኑ ነው ነውሩ? የቡድኑ ባለቤት ሲያስጨምር ንግድ፣ ሠራተኛው ሲያስጨምር ስግብግብነት። ይሁንና ልምምድ ሳይሠራ ነው የከረመው፤ መስከረም ላይ ጡንቻው ሊይዘው ይችላል ብዬ እሠጋለሁ።

ያልወደድኩት ኳስ ይዞ የሚሮጠውን የብራያን ሮቢንሰንን መሸጥ ነው። በ2022 ዲሲ ውስጥ ሁለት ጥይት በእግሩ ገብቶ፣ ጥቅምት ሳያልቅ ሜዳ ላይ የተመለሰ ልጅ! በእሱ ፋንታ ተስፋ የጣሉት «ቢል» በሚሉት በሰባተኛ ዙር በመጣው ክሮስኪ-ሜሪት ላይ ነው። ፈጣን ነው፣ አይቼዋለሁ። ግን የነሐሴ ጨዋታ ጨዋታ አይደለም።

ሌላው የዕድሜ ጉዳይ ነው። ቦቢ ዋግነር 35፣ ዛክ ኧርትዝ 34፣ አሁን በሐምሌ የመጣው ቮን ሚለር 36። አያትሽ ወይፈን ሲገራ ከአሮጌ በሬ ጋር ያጠምደው ነበር፣ አሮጌው ትልሙን ስለሚያውቅ። አምና ዳንኤልስን ያስተካከለው ይኸው ነው፤ ኧርትዝ የት እንደሚቆም ያውቃል፣ ዋግነር ተከላካዮቹን በቃል ይመራል። አሮጌ በሬ ግን ጠዋት ያርሳል እንጂ እስከ ማታ አይዘልቅም። የዚህ ውድድር ማታው ታኅሣሥ ነው፣ ከባዱ ጨዋታ የተከመረውም እዚያ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዲፌንሱ፣ መከላከሉ፣ ነው። በፊላደልፊያ 55 ለ 23 የተሸነፍንበትን ጨዋታ ታስታውሻለሽ፤ ሴኳን ባርክሊ የመጀመሪያዋን ኳስ ተቀብሎ 60 ያርድ ሮጦ አስቆጠረ፣ እናትሽ ገና ሻይ እየቀዳች ነበር። ይዞ የሚሮጥባቸውን ማስቆም አምና ዓመቱን ሙሉ አልቻሉም። ለዚህ መፍትሔ ብለው ጃቮን ኪንሎን አመጡ፣ ጆናታን አለንን ሸኙ። ኳርተርባክ በማሳደድ አንደኛ የነበረው ዳንቴ ፋውለር ደግሞ 10.5 ሳኩን (ኳርተርባክ የጣለበትን ቁጥር) ይዞ ዳላስ ገባ። በምትኩ የመጣው የ36 ዓመቱ ሚለር ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ አልገባልኝም።

ስለ ፕሮግራሙ ከጠየቅሽኝ፣ አምና የመጨረሻዎቹ ሆነን ስለጀመርን ቀላል ተሰጥቶን ነበር፤ ዘንድሮ እንደ ታላቅ ቡድን ነው የቆጠሩን። ጳጉሜን 2 ኒው ዮርክ ጃያንትስን በሜዳችን። ከዚያ በአራተኛው ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ማታ፣ ግሪን ቤይ ድረስ። ኳርተርባክ አሳዳጁ ማይካ ፓርሰንስ ትናንት ከዳላስ ወደ ግሪን ቤይ መሸጡን ሰምተሻል አይደል? ለሁለቱ የዳላስ ጨዋታዎች ደስ ይበለን፣ ለእንቁጣጣሹ ግን ጠብሰቅ ያለ ስጦታ ነው የላኩልን። ጥቅምት 17 ደግሞ ሰኞ ማታ ካንሳስ ሲቲ፣ ቀጥሎ ሲያትል፣ ቀጥሎ ዲትሮይት፣ ቀጥሎ ማድሪድ ላይ ማያሚ፤ አራቱም በሦስት ሳምንት ውስጥ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ደግሞ ፊላደልፊያ፣ ዳላስ በፈረንጅ ገና ዕለት፣ እንደገና ፊላደልፊያ።

ማድሪድ ልሂድ ያልሽውን በተመለከተ መልሴ አይሆንም ነው። ሳንቲያጎ በርናቤው የኔ ሕልም ነው፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። ያን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ረግጬ የማየው ነገር በእጅ የሚያዝ ኳስ ከሆነ በአዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ ዕድሜ ልኬን ይስቁብኛል። አንቺም ኅዳር ላይ ፈተና አለብሽ።

እንግዲህ ዋናው ነገር የዳንኤልስ ገላ ነው። አምና 891 ያርድ በእግሩ ሮጧል፣ ለጀማሪ ኳርተርባክ ክብረ ወሰን ነው። የሰበረው የማንን ነው? የሮበርት ግሪፊንን፣ 815። አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ። በ2012 እዚሁ ከተማ ልክ እንደዛሬው ነበር፤ ሁለተኛ ምርጫ፣ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ፣ ሰባት ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ፕሌይኦፍ ገባ። እዚያው ፕሌይኦፍ ላይ ከሲያትል ጋር ሲጫወቱ ጉልበቱ ታጠፈ። በሚቀጥለው ዓመት 3 ለ 13። ዲሲ ያለ ታክሲ ነጂ ሁሉ ያን ዓመት ስለ ጉልበት ጅማት ሐኪም ሆኖ ነበር። ዳንኤልስ ከግሪፊን ይለያል፣ ቶሎ ያያል፣ ቶሎ ይለቃል፣ ይህን አምናለሁ። ግን አጥንቱ ቀጭን ነው፣ ሲሮጥም መሬት ላይ መንሸራተት ያለበትን ጊዜ ያሳልፈዋል። ጥቅምት ላይ ከካሮላይና ጋር ጎድኑን ተመትቶ የወጣው ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ነው። ተጠባባቂው ማርከስ ማሪዮታ ገብቶ 40 ለ 7 ጨረሰው፣ ግን ካሮላይና ስለሆነች ነው፤ ዲትሮይት ላይ እንደዚያ አይሆንም።

ሌላም አለ። አምና ማንም አያውቀውም ነበር፣ አሁን ተቃራኒ አሰልጣኞች በጋውን ሙሉ ሲያጠኑት ከርመዋል። የሂውስተኑን ኳርተርባክ ሲ.ጄ. ስትራውድን ተመልከቺ፦ በመጀመሪያ ዓመቱ 5 ኳስ ብቻ የተነጠቀ ልጅ በሁለተኛው 12 ተነጠቀ፣ 52 ጊዜም ተጣለ። ቡድኑ ግን በሁለቱም ዓመት 10 አሸነፈ። ልጁ አልከፋም፣ ዓመቱ ከበደበት።

ስለዚህ የኔ ቁጥር 10 ነው። ከማድሪድ በፊት 6፣ ከዚያ በኋላ 4። 9 ቢሆን አልደነግጥም። ዳንኤልስ አራት ጨዋታ ካመለጠው ደግሞ ቁጥሬን አንሺው፣ ያኔ ተንሲልም ዲቦም አያድኑንም። ምድቡንም አንወስድም፤ በእርግጥ ከ2004 ወዲህ ያን ምድብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያሸነፈ ቡድን የለም፣ ፊላደልፊያም አምና አሸንፏል፣ በዚያ ብትጽናኚ መብትሽ ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ያ ልማድ የሚሰበር ይመስለኛል።

ዲሲ ውስጥ አርኤፍኬ የሚባለው ቦታ ላይ ሊሠራ የታሰበው የቡድኑ አዲስ ስታዲየም ነገርስ ብለሽ ነበር። የዲሲ ምክር ቤት በሐምሌ መጨረሻ አንደኛውን ድምፅ ሰጥቷል፣ ሁለተኛው መስከረም ላይ ነው። በ2030 ይከፈታል ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ፓርኪንጉን ማን ያስተዳድረዋል የሚለው ነው፤ እኛ ሠፈር ስለ ኳርተርባኩ ሳይሆን ስለዚያ ነው የሚወራው።

ውርርዱን ባታፈርሺውም አሻሽዪው። ዛሬ ማታ ለልጅቷ «13 ያልኩት በቁጣ ነው፣ 10 እናድርገው» በያት። የፊላደልፊያ ሰው ናትና በሣቅ ትቀበልሻለች፣ እንደዚያም ሆኖ 10 ላይ የማሸነፍ ዕድል አለሽ። እምቢ ካለች ለሱፐር ቦውሉ ሌላ ውርርድ እንዳትጨምሪ።

ታኅሣሥ 11፣ በነሱ ዲሴምበር 20፣ ቅዳሜ ነው፣ ፊላደልፊያ ላንዶቨር፣ ወደ ሜዳችን፣ ይመጣሉ። ዕረፍት ላይ ትሆኛለሽና ልጅቷን ይዘሻት ነይ። የስታዲየሙን ትኬት ዋጋ አይቼዋለሁ፣ አልገዛም፣ ቤት ሆነን እናያለን። ፆም ነውና ሽሮና አዚፋ እንጂ ሌላ እንዳትጠብቅ አስቀድመሽ ንገሪያት። አረንጓዴ ማሊያዋን ለብሳ ብትመጣም ግድ የለኝም፤ የምትቀመጠው ግን እናትሽ ባለችበት በኩል ነው።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። መልካም አዲስ ዓመት ብዬ በስልክ እደውላለሁ፣ ከግሪን ቤይ ጨዋታ በፊት።

አባትሽ