ከደመወዙ በፊት ለወጣት አብራሪዎች ሊነገር የሚገባው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአሜሪካ የአብራሪዎች ደመወዝ ማደጉን ጠቅሳችሁ ወላጆች ልጆቻቸውን ወደ በረራ ትምህርት ቤት እንዲልኩ ያበረታታችሁበትን ጽሑፍ በጥሞና አነበብኩት። ማበረታታቱ መልካም ነው። ሆኖም በዚህ አገር በአንድ ሪጅናል አየር መንገድ በአብራሪነት የምሠራ እንደመሆኔ፣ ቤተሰብ ለብድር ከመፈረሙ በፊት ማወቅ ያለበት ጉዳይ ሳይነሳ መታለፉ አሳስቦኛል፤ አብዛኛው ጀማሪ የሚቀጠረው በጠቀሳችኋቸው ትልልቅ ኩባንያዎች ሳይሆን ሪጅናል በሚባሉት፣ በኮንትራት በሚያበሩላቸው አነስተኛ አየር መንገዶች ነው።

ተሳፋሪው ትኬቱን የሚገዛው ከዩናይትድ፣ ከዴልታ ወይም ከአሜሪካን አየር መንገድ ነው፤ አውሮፕላኑም የተቀባው በእነሱ ቀለም ነው። በሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የሌላ ኩባንያ ስም ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ቢሆንም የአብራሪው ቀጣሪ ያ ኩባንያ ነው። በሁለቱ መካከል ድንበር ያስቀመጡት የትልልቆቹ አብራሪዎች ማኅበራት ናቸው፤ ሥራው አነስተኛ ወደሚከፍሉት እንዳይሸሽ በኅብረት ስምምነታቸው ለሪጅናል የሚሰጠው አውሮፕላን በአብዛኛው ከ76 መቀመጫ እንዳይበልጥ፣ ከ50 በላይ የሚይዙትም ቁጥራቸው እንዲገደብ አድርገዋል። ዩናይትድ በ2019 እ.ኤ.አ. 70 ሰው የሚይዘውን ሲአርጄ 700 አውሮፕላን ወንበሩን ቀንሶ በ50 መቀመጫ ማሠራት የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ማኅበራቱን አልወቅሳቸውም፤ የአባሎቻቸውን እንጀራ ጠብቀዋል።

ነገር ግን ድንበሩን የሚሻገር አብራሪ የበረራ ሰዓቱን እንጂ የአገልግሎት ዘመኑን ይዞ አይሄድም። በሪጅናል አሥር ዓመት በካፒቴንነት የሠራ ሰው በትልቁ ኩባንያ ረዳት አብራሪ ሆኖ በአገልግሎት ዘመን ከሚቀመጠው የአብራሪዎች ተራ ዝርዝር ግርጌ ይጀምራል፤ የሚያበረው አውሮፕላን፣ የሚመደብበት ከተማ፣ በዓልን ከልጆቹ ጋር ማሳለፉ፣ ቅነሳ ሲመጣም ማን ቀድሞ እንደሚሰናበት የሚወሰነው በዚያ ተራ ቁጥር ነው። ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ የተባሉት ሪጅናሎች በ2020 ሲዘጉ የአብራሪዎቻቸው ተራ ቁጥር አብሮ ቀርቷል። አገር ቤት በአነስተኛው ኪው 400 አውሮፕላን ወደ ጅማና ጎንደር መብረር የጀመረ ወጣት እዚያው አየር መንገድ ውስጥ ወደ ቦይንግ 737፣ ቀጥሎም ወደ 787 ማደግ ስለሚችል፣ ዘመዶቻችን ይህ ልዩነት ባይታያቸው አይደንቀኝም።

የሪጅናል ክፍያ የተሻሻለውም በቅርቡ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በበፋሎ ከተማ አቅራቢያ 50 ሰዎች ያለቁበት የሪጅናሉ ኮልጋን ኤር አደጋ ሲመረመር የአብራሪዎቹ ድካምና የረዳት አብራሪዋ ደመወዝ ማነስ አደባባይ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮም ረዳት አብራሪ በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ትልልቆቹ በኮሮና ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ አንጋፋ አብራሪዎችን በፈቃደኝነት ጡረታ ካሰናበቱ በኋላ ገበያው ሲመለስ ከሪጅናሎቹ መውሰድ ጀመሩ፤ በ2022 ክፍያው ያሻቀበው ያኔ ነው። በ2024 ደግሞ ቅጥሩ ቀዘቀዘ። ደመወዙን አይተው በብድር የተመዘገቡ ወጣቶች ሰዓታቸውን ሲሞሉ በሩ ጠብቦ ጠበቃቸው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ተማሪዎች ሪጅናል ሲመርጡ ምን መጠየቅ እንዳለባቸው እንዲያትም እጠይቃለሁ። እንደ ኤንቮይ፣ ፒድሞንትና ፒኤስኤ ሪጅናሎች ወደ አሜሪካን አየር መንገድ የሚያሻግር ውል በጽሑፍ አለው ወይስ ቃለ መጠይቅ ብቻ ነው ቃል የሚገባው? ውሉ ቢኖርም ተራው የሚደርሰው በትልቁ ኩባንያ የቅጥር ፍጥነት ልክ ስለሆነ፣ ብድሩ እስከዚያ ድረስ በሪጅናል ደመወዝ ሊከፈል መቻሉ ከወዲሁ መሰላት ይኖርበታል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሪጅናል አየር መንገድ አብራሪ፣ ከቨርጂኒያ