ያቋረጡትን ሳንቆጥር ትምህርት ቤቶችን አናወዳድር

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ባለች አንዲት ቀበሌ የምኖር አርሶ አደርና የወላጅ መምህር ኅብረት አባል ነኝ። በቀበሌያችን አንዱ ከመኪና መንገድ ዳር፣ ሌላው ከወንዝ ማዶ የሆኑ ሁለት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉን። የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ውጤት በደረሰ ቁጥር ሁለቱ በአማካይ ውጤታቸው ብቻ ተመዝነው፣ የመንገድ ዳሩ ሲመሰገን የማዶው በሕዝብ ፊት ይወቀሳል። ይህ አመዛዘን ፍርደ ገምድል ነው።

ጤፍ በሚታጨድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ልጆቻችንን ከትምህርት የምናስቀረው እኛው ወላጆች ነን። የማዶው ትምህርት ቤት መምህራን ግን እስከ አውድማው ድረስ በእግራቸው እየመጡ፣ ለምነውም ተቆጥተውም ልጆቹን ይመልሷቸዋል። ከጮቄ የሚወርደው ወንዝ በመስከረም ገና ሞልቶ ስለሚፈስ፣ ከወንዙ ወዲህ የሚኖሩት ተማሪዎቹ ትምህርት የሚጀምሩትም ዘግይተው ነው። እንዲህ ብዙ ቀን ያመለጣቸው ልጆች ለፈተና ሲቀመጡ የትምህርት ቤቱን አማካይ ዝቅ ያደርጉታል፤ አቋርጠው በዚያው እረኛ ሆነው ቢቀሩ ኖሮ ግን አማካዩ ከፍ ይል፣ ትምህርት ቤቱም ይመሰገን ነበር። ልጅን ተስፋ ባለመቁረጥ የሚወቀስ መምህር ማየት ያሳዝነኛል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። ሁለት ትምህርት ቤቶች በ1ኛ ክፍል 60፣ 60 ልጆች መዘገቡ እንበል። ከአንዱ 20 ልጆች ለ6ኛ ክፍል ፈተና ደርሰው 16ቱ ቢያልፉ 80 በመቶ አሳለፈ ይባላል፤ ከሌላው 40 ደርሰው 24ቱ ቢያልፉ 60 በመቶ ብቻ ይሆናል። ከተመዘገቡት መካከል ብዙ ልጆችን ለማለፍ ያበቃው ግን ይኸው የተወቀሰው ነው።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ወራት የባከኑበትን ትምህርት ቤት ሳያቋርጥ ካስተማረው ጋር በአንድ መስፈሪያ መስፈር አይገባም። የትምህርት ኢንስፔክሽን እንኳ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 የሚሰጠው ግብዓትንና ሂደትን ከውጤት ጋር አይቶ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ውጤት ሲነገረን፣ ከአማካዩ ጎን በ1ኛ ክፍል የተመዘገቡት፣ ለፈተና የቀረቡትና ትምህርት የተሰጠባቸው ቀናት ብዛት አብሮ እንዲነገረን እጠይቃለሁ። ሦስቱም ከየትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚገኙ ናቸው።

የተማሪዎች ወላጅ፣ ከምሥራቅ ጎጃም