ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር፦ ስለ ጋራ ሕንፃ ማኅበራት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 እንዲሻሻል ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

በአዲስ አበባ ከጀሞ እስከ የካ አባዶ፣ ከጎተራ እስከ ቦሌ አራብሳ በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች የምንኖር ሰዎች የጋራ ኑሯችንን የምንመራው በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። አዋጁ ሲወጣ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የምንላቸው የዕጣ ቤቶች በስፋት መገንባት አልተጀመሩም ነበርና፣ በኋላ የመጣውን ችግር አላዩም ብሎ አርቃቂዎቹን መውቀስ አይገባም። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሕንፃዎች 20 ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል፤ ጣሪያቸውና የፍሳሽ መስመራቸውም አርጅቷል።

በአዋጁ መሠረት እያንዳንዱ የቤት ባለቤት የሕንፃው ባለቤቶች ማኅበር አባል ነው፤ ጣሪያው፣ ደረጃውና ግቢው የጋራ ናቸው፤ ወጪያቸውን መጋራትም የሁሉም ግዴታ ነው። በተግባር ግን ማኅበሩ ኃላፊነቱ ተሰጥቶት አቅሙ ተነፍጎታል። ክረምት ሲገባ አራተኛ ፎቅ ላይ ጣሪያው ያፈሳል፤ ምድር ቤት ያለው ባለቤት «ዝናቡ እኔ ጋ አይደርስም» ብሎ መዋጮውን ይከለክላል። የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ በምድር ቤቱ ደጃፍ ላይ ሲገነፍል ደግሞ የአራተኛ ፎቁ ሰው በተራው ዝም ይላል። በ40/60 (ገዢው 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን በባንክ ብድር በሚከፍልበት ፕሮግራም) በተሠሩ ሕንፃዎች ክርክሩ ወደ ሊፍት ይዞራል፦ የማይሳፈርበት ሰው ስለምን ይክፈል? የማኅበሩ ኮሚቴ በር እያንኳኳ ይለምናል፤ እምቢ ላለው ያለው አማራጭ ክስ ነው፤ ለጥቂት መቶ ብር መዋጮ ተብሎ ጠበቃ ቀጥሮ ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ከዕዳው በላይ ያስወጣል።

ነገሩን የሚያከብደው ብዙ ባለቤቶች በቤታቸው የማይኖሩ መሆናቸው ነው። ገሚሱ ውጭ አገር ነው፤ ገሚሱ አከራይቶ ሌላ ሰፈር ይኖራል። የጥበቃውንና የጽዳቱን ወርሃዊ ክፍያ የሚሸፍነው ተከራዩ ነው፤ የውሃ ዲናሞው ሲቃጠል ጄሪካን ይዞ ደረጃ የሚወጣውም እሱ ነው፤ አባል ስላልሆነ ግን በጠቅላላ ጉባኤው ድምፅ የለውም። ድምፅ ያለው ባለቤት ደግሞ ስልክ አያነሳም፤ ጉባኤውም ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም ተብሎ ይበተናል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ አዟል። በዚሁ ውል ላይ የማኅበሩን መደበኛ ክፍያ ማን፣ የጥገናውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን አንድ አንቀጽ ማስገባት ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀር ነበር።

በደሉ ግን ከማይከፍሉት ብቻ አይደለም። የኮሚናሉ (የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ቤት)፣ የመኪና ማቆሚያውና በአጥር ዙሪያ የተደረደሩት ሱቆች ኪራይ ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብባቸው፣ ሂሳባቸው ለዓመታት ያልተመረመረ ማኅበራት አሉ፤ ነዋሪው «ገንዘቤ የት ገባ» ብሎ መዋጮውን ቢያቆም እኔ በበኩሌ አልፈርድበትም። ለኮሚቴ ጉልበት የሚሰጥ ሕግ በኮሚቴው ላይ ልጓም ካላበጀ ከአሁኑ የባሰ ይሆናል።

ስለሆነም ያልተከፈለ የጋራ ወጪ ቤቱን ተከትሎ የሚሄድ ዕዳ እንዲሆን፣ ቤቱ በሽያጭ ወይም በስጦታ ሲተላለፍም ከማኅበሩ ክሊራንስ (ዕዳ እንደሌለ የሚገልጽ ማረጋገጫ) እንዲጠየቅ በአዋጁ በግልጽ ይደንገግ። ኮሚቴው በቂም ክሊራንስ እንዳይከለክል አጭር የመልስ ገደብ ይቀመጥ፤ ገደቡ ካለፈ ዕዳ እንደሌለ ይቆጠር። በሁለተኛ ጥሪ የተገኙት አባላት መወሰን ይቻላቸው፤ ሩቅ ያለ ባለቤት በቀላል ውክልና ድምፅ ይስጥ፤ ተከራይም ቢያንስ በጥበቃ፣ በውሃና በጽዳት ጉዳይ ይሰማ። ከየዓመቱ ገቢ ለከባድ ጥገና የሚቀመጥ ገንዘብ ግዴታ ይሁን፤ የኦዲት ውጤቱም በየሕንፃው መግቢያ ይለጠፍ።

በመጨረሻም የማሻሻያው ረቂቅ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት ለሕዝብ ውይይት ይፋ እንዲሆን፣ በመድረኩም ላይ የማኅበራት ሊቃነ መናብርት ብቻ ሳይሆኑ መክፈል ያቆሙ ነዋሪዎችና ተከራዮች እንዲጠሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪ፣ አዲስ አበባ